ከሰሌዳው አጠገብ፦ ስለ ሽምደዳና ስለ አንዲት ቃል



ባለፉት ሁለት እትሞች በዚህ ዓምድ ስለ ትምህርትና ኅብረተሰብ ግንኙነት ረዘም ያለ ትንተና ቀርቦ ነበር። ትንተናው እንደ ወጣ ከአንዲት ጓድ አጭር ደብዳቤ ደረሰን። እሷም እንደ ብዙዎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የስደተኛ ልጆችን ታስተምራለች። «ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፤ በአብዛኛው እስማማለሁ። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት አሥራ ስምንት ልጆች ፊቴ ሲቀመጡ ምን እንደማደርግ ንገሩኝ» ትላለች።

ሂሱ ተገቢ ነው፤ ተቀብለነዋል። ስለዚህ በዚህ እትም ጽንሰ-ሐሳቡን አቆይተን፣ ታሪክን፣ የመንግሥትን አሠራርና ጽሕፈትን ስናስተምር በክፍል ውስጥ በእጅ ስለሚሠራው ነገር እንነጋገር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ግለሂስ ማድረግ ግድ ይላል።

የማኅበራችንን የቅዳሜ ክፍል ስረከብ 31 ልጆች ተመዝግበው ነበር። እኔም ራሴ በተማርኩበት መንገድ ማስተማር ጀመርኩ፤ ይኸውም የነገሥታትን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሸመድዱልኛል። በጽሑፎቻችን ላይ ስንት ጊዜ ያወገዝነውን የሽምደዳ ትምህርት፣ ሳላፍር፣ በገዛ እጄ እየፈጸምኩት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን «የውጫሌ ውል 1889፣ የአድዋ ጦርነት 1888» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ገለበጡ። በሳምንቱ በቃላቸው አሉልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ጦርነቱ የተነሣው በውሉ ምክንያት ነው ብለውን ነበር። ታዲያ ጦርነቱ ከውሉ በፊት እንዴት ሆነ?» ስትል ጠየቀችኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት የወሰድኩት ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛውን ከአማርኛ መጽሐፍ። ውሉ የተፈረመው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። በመካከላቸው ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ነው የቀሩት። እኔ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ደባልቄ መንስዔውን ከውጤቱ በኋላ አስቀምጬ፣ ሠላሳ ልጅ እንደ በቀቀን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደግመው ቆየ። የሰማው ጆሮ እንጂ ያሰበ ጭንቅላት አልነበረም፤ ከአንዷ በስተቀር። በጥር ወር የቀሩልኝ ልጆች 9 ነበሩ። ቀሪዎቹ ወላጆቻቸውን እንደ ታመሙ እየነገሩ ቤታቸው ተኝተው ያረፍዱ ነበር። አልፈርድባቸውም።

አንዳንድ ጓዶች ከዚህ ተነሥተው «ዓመተ ምሕረት ማስጠናት ይቅር» ይላሉ። አልስማማም። ያቺ ልጅ ስሕተቴን ያገኘችው ሁለቱን ዓመቶች ስለምታውቅ ነው። ጉዳዩ ዓመተ ምሕረቱን ምን ትሠራበታለህ ነው። የብራዚሉን የፓውሎ ፍሬሬን መጽሐፍ ሁላችንም በከረጢታችን ይዘን እንዞራለን። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል ከተማ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ያስጀመረ፣ በሚቀጥለው ዓመት መፈንቅለ መንግሥቱ ሲመጣ ታስሮ ኋላም የተሰደደ ነው። ተማሪን እንደ ባንክ ሣጥን ቆጥሮ ዕውቀት የሚያጠራቅምበትን መምህር እንዴት እንደ ነቀፈ በቃላችን እናውቃለን። እሱንም ሸምድደነዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። የልጅቱን ጥያቄ ይዤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ወረቀት አባዝቼ መጣሁ። በአንደኛው ላይ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ አለ። በሁለተኛው ላይ የኢጣልያንኛው ቅጂ፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ። የትኛው የማን እንደ ሆነ አልጻፍኩም። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ ለእያንዳንዱ ቡድን አንዱን ወረቀት ብቻ ሰጠሁና፣ «እናንተ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪዎች ናችሁ። ንጉሡ ለጀርመን መንግሥት ደብዳቤ መጻፍ ይፈልጋሉ። በዚህ ውል መሠረት ምን ትመክሯቸዋላችሁ?» አልኳቸው።

አንደኛው ቡድን ወዲያው «ይጻፉ» አለ። ሁለተኛው ተከራከረና «መጀመሪያ በጣልያን መንግሥት በኩል ማለፍ አለባቸው» አለ። አንደኞቹ ሳቁባቸው፤ ሁለተኞቹ ተናደዱ። ወረቀት ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ይከብደኛል፤ ዘጠኙም ልጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ቃል በቃል ያመሳክሩ ጀመር፤ እኔ እንዳለሁም ረሱ። በመጨረሻ የ11 ዓመት ልጅ ጣቱን አንዲት ቃል ላይ አድርጎ «ይቺ ናት» አለ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው ግን ለመጠቀም ተስማምተዋል ይላል። ከፈለጉ ይችላሉ በሚለውና ተስማምተው ገብተውበታል በሚለው መካከል አንድ ሙሉ አገር አለ።

የተቀረውን ከዚያ በኋላ ነገርኳቸው፤ አሁን ለመስማት ፈልገዋልና። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነገሡ፤ መንገሣቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አስታወቁ፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ እንደሚገባቸው የሚያስታውስ ሆነ። ተንኮሉ በግልጽ የወጣው በዚያን ጊዜ ነው። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ከአድዋ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። (እዚህ ላይ ያቺ ልጅ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ አስምላኝ ነው የጻፈችው።)

ቀጥሎ የጽሕፈት ሥራ ሰጠኋቸው። ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ የጻፉትን ደብዳቤ ሳላሳያቸው፣ «እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፉ ነበር?» አልኩ። «ድርሰት ጻፉ» ሲባሉ ሦስት መስመር የማይሞሉ ልጆች አንድ ገጽ ሞሉ። አንዱ፣ «ፊርማው የእኔ ነው፣ የፈረምኩበት ወረቀት ግን ይህ አይደለም» ብሎ ጀመረ። ፊደሉ ስሕተት የሞላበት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የመንግሥት ሰው ዓረፍተ ነገር ነው።

ክፍሉን የለወጠው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ወረቀቷን አልሰጠችኝም። ሁሉም ከወጣ በኋላ ቀርታ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእናቴ ነገር ነው» አለችኝ። እናቷ የዚህን አገር ቋንቋ ገና አልለመዱም። በየቢሮው የምታስተረጉምላቸው ልጅቱ ናት። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቅጽ ቀርቦላቸው፣ ልጅቱ «ማመልከት ይችላሉ» ብላ የተረጎመችላቸው ዓረፍተ ነገር ለካስ እስከዚህ ቀን ድረስ ማመልከት አለባቸው የሚል ኖሯል። ቀኑ አለፈ፤ ጉዳያቸው እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ልጅቱ ይህንን ለማንም አልተናገረችም ነበር።

ጓዶች፣ እኛ «የመንግሥት አሠራር» የምንለውን ትምህርት ስለ ሦስቱ የሥልጣን አካላት በሰሌዳ ላይ ሣጥን በመሣል ስናስተምር፣ እነዚህ ልጆች በየሳምንቱ የመንግሥትን ቢሮ ከወላጆቻቸው ጋር እየገቡ ነው። ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። የጎደላቸው ያወቁትን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሚመረምሩበት ቦታ ነው።

ይህንን ከእኛ በፊት ያገኙት ሰዎች አሉ። በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ ጆንስ አይላንድ የሚባል ደሴት አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የደሴቱ ጥቁር ገበሬዎችና የቤት ሠራተኞች በመራጭነት ለመመዝገብ፣ ግብር የሚከፈልበት የ300 ዶላር ንብረት ከሌላቸው፣ ከግዛቱ ሕገ መንግሥት የተመረጠላቸውን ክፍል ማንበብና መጻፍ ነበረባቸው። ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል ሰው ሠራተኞችን በአውቶቡስ ወደ ቻርልስተን ከተማ ያመላልስ ነበርና፣ በመንገድ ላይ ሕገ መንግሥቱን ያስጠናቸው ጀመር። አንዲት ተሳፋሪ ክፍሉን በሙሉ በቃሏ ያዘችው፤ ፊደል ግን አትለይም። ማንበብ እፈልጋለሁ አለች። ሽምደዳ እስከ የት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚቆም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ጄንኪንስ፣ ሃይላንደር የሚባለው በቴኔሲ ግዛት የነበረ የሕዝብ ትምህርት ቤትና መምህርት ሴፕቲማ ክላርክ ተነጋግረው ትምህርት ለመክፈት ወሰኑ። ክላርክ በወጣትነቷ እ.ኤ.አ. በ1916 በዚያው ደሴት አስተምራለች፤ በ1956 ደግሞ የጥቁሮች መብት ማኅበር አባልነቷን አልክድም በማለቷ ከመምህርነት ተባርራ ነበር። ለአዲሱ ክፍል መምህር ሲመርጡ የተመሰከረለት መምህር አልፈለጉም። ጸጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ የነበረችውን በርኒስ ሮቢንሰንን መረጡ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ መምህራን ሰው ከላይ ሆነው ያናግራሉ፣ ጸጉር ሠሪ ግን ሰው ማዳመጥ ለምዳለች። ክፍሉ በጥር 1957 በአንድ የኅብረት ሱቅ የኋላ ክፍል ተከፈተ፤ ከፊት ያለው ሱቅ መሆኑ ከነጮቹ ዓይን ይሸፍናቸው ነበር። የመጡት 14 ሰዎች ነበሩ። ሮቢንሰን የመጀመሪያ ደረጃ የልጆች መጽሐፍ ይዛ ነበር፤ አዋቂ ሰው ፊት የሚዘረጋ እንዳልሆነ ወዲያው ገባትና አስቀመጠችው። ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ስማቸውን መጻፍ፤ ለልጆቻቸው ደብዳቤ መጻፍ፤ የሐዋላ ቅጽ መሙላት፤ ከካታሎግ ዕቃ ማዘዝ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፤ ለመመረጥና ለመምረጥ የሚያበቃውን ሕግ መረዳት። የማስተማሪያ መጽሐፋቸው ይኸው ዝርዝር ሆነ። ቅጾቹን በትልቅ ወረቀት ገልብጣ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ስም መጻፍ ላቃተው ስሙን በካርቶን ላይ ጽፋ እጁ እስኪለምድ በላዩ ላይ ያስኬደዋል። የተባበሩት መንግሥታትን የሰብዓዊ መብት መግለጫም ሰቅላ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁላችሁም ይህን እንድታነቡ እፈልጋለሁ አለች።

ከክፍሉ ብዙዎቹ የመራጭነት ካርድ አገኙ። ሥራው ወደ ሌሎች ደሴቶችና ግዛቶች ተዛመተ፤ የቴኔሲ መንግሥት ሃይላንደርን በ1961 ሲዘጋው የማርቲን ሉተር ኪንግ ድርጅት ተረከበው። የማንበብ ፈተናውን ያገደው ሕግ የወጣው በ1965 ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ የሮቢንሰን ክፍል አደረጃጀት ነው። ጽሕፈት፣ ሕግና ሒሳብ አንድ ላይ ናቸው፤ «አሁን የሲቪክስ ክፍለ ጊዜ ነው» የሚል ደወል የለም።

እኛም ይህንን ቀዳን። ልጆቹ ቤታቸው የመጣውን ማንኛውንም ቅጽ፣ ስሙና ቁጥሩ ተሸፍኖ፣ እንዲያመጡ ተደረገ። የትምህርት ቤት ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሐኪም ቤት ወረቀት፣ ከስደተኞች ጉዳይ የመጣ ደብዳቤ። ከእያንዳንዱ «ይችላል»ን፣ «አለበት»ንና «ሊፈቀድለት ይችላል»ን በሦስት ቀለም ያሰምራሉ። ከዚያ ወደ አማርኛ ይተረጉሙታል። እናቶች ቀስ በቀስ ልጆቻቸውን ለመውሰድ አስቀድመው እየመጡ ከኋላ መቀመጥ ጀመሩ። የቀረችው ወንበር ከጎረቤት አዳራሽ ተበድረን የምናመጣት ናት።

ስለ ሕገ መንግሥታችንም እንደዚሁ። የ1923ቱን፣ የ1948ቱን፣ የ1980ውንና የ1987ቱን የመክፈቻ ገጾች አጠገብ ለአጠገብ አድርጉና ጥያቄ ሁለት ብቻ ጠይቁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው የሚናገረው? በ1923ቱ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው ይሰጣሉ፤ የሕግ መምሪያው አባላትም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ በመኳንንቱና በሹማምንቱ ይመረጣሉ። «እስኪደርስ» የምትለውን ቃል ለልጆቹ ተዉላቸው። በእኛ ክፍል አንድ ሰዓት ወስዳለች።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ ልምጣ። በዚህ በኩል ለእኛ ማኅበር በጣም የሚጠቅመው የባርቢያና ልጆች አሠራር ይመስለኛል። ባርቢያና ከፊሬንዜ በስተሰሜን በሙጄሎ ተራሮች ላይ ያለች መንደር ናት። ሎሬንሶ ሚላኒ የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1954 መጨረሻ እዚያ ተመድቦ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወድቃችኋል ብሎ ያባረራቸውን የገበሬ ልጆች ሰብስቦ አስተማረ። ስምንቱ ልጆች አብረው በ1967 «ደብዳቤ ለአንዲት መምህርት» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ሚላኒ በዚያው ዓመት በሰኔ በ44 ዓመቱ ሞተ።

መጽሐፉን የጻፉበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በኪሱ ትንሽ ደብተር ይይዛል፤ ሐሳብ በመጣለት ጊዜ አንዱን ሐሳብ በአንድ ቁራጭ ወረቀት፣ በአንድ ገጽ ብቻ ይጽፋል። አንድ ቀን ቁራጮቹ ሁሉ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። የተደጋገመው ይወጣል። የሚመሳሰለው በቁልል ይቆለላል፤ ቁልሉ ምዕራፍ ይሆናል። ከዚያ በቅደም ተከተል ይደረደርና ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጂ እንዲኖረው በማባዣ ይባዛል። ከዚህ በኋላ መቀስ፣ ሙጫና ባለ ቀለም እርሳስ ነው። የሚወጣ ቃል ማን ያገኛል በሚል ይወዳደራሉ፤ የበዛ ቅጽል፣ ውሸት፣ ከባድ ቃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታጨቀ ሁለት ሐሳብ። በመጨረሻ ብዙ ያልተማረ ሰው ጠርተው ያነቡለታል፤ ያልገባውን ይለውጣሉ።

ጓዶች፣ እኛም ማባዣ አለን። መቀስም አለን። የአቋም መግለጫዎቻችን ግን እንዴት እንደሚጻፉ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ ጓድ ሌሊቱን ብቻውን ይጽፋል፣ ኮሚቴው ጠዋት ያጸድቃል፣ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሐሳብና አምስት ቅጽል ይታጨቃል። ይህ ዓምድም ከዚህ ነፃ አይደለም። የቅዳሜ ልጆቻችን ስለ ቅጹ ጉዳይ ለቢሮው የጻፉትን ደብዳቤ ግን በባርቢያና መንገድ ነው የጻፉት። 64 ቁራጭ ወረቀት ነበር፤ ደብዳቤው አንድ ገጽ ወጣው። ያነበብንላቸው ያልተማሩ ሰው የዚያች ልጅ እናት ናቸው። በትርጉም ሲሰሙት፣ «‹በአክብሮት› የምትለውን ሁለት ጊዜ አላችኋት፤ አንዷ ትበቃለች» አሉ። አንዷ ወጣች። መልስ ገና አልመጣም።

ስለ ሚሲሲፒ የነፃነት ትምህርት ቤቶች ሰፋ አድርጌ ልጽፍ አስቤ ቦታው ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1964 በጋ ከ40 በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች ከ2,000 በላይ ልጆች ተምረውባቸዋል፤ ጋዜጣቸውን ራሳቸው ጽፈው በማባዣ አውጥተዋል፤ በነሐሴ ወር መጀመሪያ በመሪዲያን ከተማ ተወካዮቻቸው ተሰብስበው ስለ ትምህርት፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ጤና የራሳቸውን የአቋም መግለጫ አጽድቀዋል። ከዚያ ሥርዓተ ትምህርት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎችን ብቻ ወስዳችሁ በክፍላችሁ ሞክሩ። የብዙኃኑ ባህል ካለው ውስጥ የምንፈልገው ምንድን ነው? የማንፈልገውስ? እኛ ካለን ውስጥ ልንጠብቀው የምንፈልገው ምንድን ነው? ለስደተኛ ልጅ ከዚህ የቀረበ ጥያቄ የለም። ለሦስተኛው ጥያቄ ከመልሶቹ መካከል «የእናቴ ቡና እና መጨቃጨቅ» የሚል አግኝቻለሁ።

መጨቃጨቁ ወደ መጨረሻው ጉዳይ ይወስደኛል። ከውጭ የምንቀዳውን ያህል ከቤታችን የረሳነው ይበልጣል። የቅኔ ቤት ተማሪ የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ አይመረቅም። በየቀኑ ቆጥሮ፣ ከሁለት መስመሯ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሽምደዳ የሞላበት ነው በምንለው ሥርዓት ውስጥ በየቀኑ መፍጠር ግዴታ የሆነበት ክፍል አለ። በላ ልበልሃም እንደዚሁ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ በማር ወይም በበቅሎ ተወራርደው፣ ነገር በነገር እየመለሱ ይሟገታሉ። በችሎት ላይ አስተያየት ሲሰጥ ደግሞ ታናሹ ሹም አስቀድሞ ይናገራል፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ተቃራኒውን ለመናገር ይፈራልና። በስብሰባዎቻችን ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ይናገርና «ውይይት ክፍት ነው» ይባላል፤ ልዩነቱን ተመልከቱ።

ልጆቹ በላ ልበልሃውን በስልክ ጉዳይ ተለማመዱ፤ በክፍል ውስጥ ስልክ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ። ውርርዱ በቸኮሌት ነው። አንድ ሕግ ጨመርኩ፤ መልስ ከመስጠትህ በፊት የባላጋራህን ነገር «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መድገም አለብህ። ሁለተኛ ሕግ፤ የምትሟገተው ለማታምንበት ወገን ነው። ዳኛዋ ያቺ የዓመተ ምሕረቷ ልጅ ናት።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ልጅ የራሱን ርዕስ አቀረበ። በ1967 ዓ.ም. የተማረው ክፍል ደርግን በሂሳዊ ድጋፍ መያዝ ነበረበት ወይስ ከመጀመሪያው ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ መታገል? እኔ ይህን ርዕስ በክፍሉ ውስጥ ከልክዬ ነበር። ለምን እንደ ከለከልኩ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። መኢሶንና ኢሕአፓ የወጡት ከእንደኛው ዓይነት የውጭ አገር የተማሪ ማኅበር ነው፤ ክርክሩም በእንደዚህ ዓይነት በማባዣ በተባዛ ገጽ ላይ ተጀምሮ ነው በ1969 እና በ1970 በየመንገዱ ሬሳ የሆነው። ርዕሱን ያቀረበው ልጅ አያት በአንደኛው ወገን ነበሩ። የጓደኛው አያት በሌላኛው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ከተማ ሲኖሩ ሰላምታ አይለዋወጡም። ልጆቹ ግን ቅዳሜ አብረው በአንድ አውቶቡስ ይመጣሉ።

ፈቀድኩ። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ለሌላው አያት ወገን ቆመ። ልማዱን ለማሳየት የሁለቱን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ እንደ ቁራኛ ቋጠርነው። ክርክሩ መልካም ነበር አልልም፤ ማስረጃ አልነበራቸውም፤ ግማሹ ከቤት የተሰማ ስድብ ነው። ዳኛዋም ይህንኑ ብላ «ወረቀት አምጡ» በሚል ቀጠሮ ሰጠች። ትክክለኛ ብይን ነበር።

በማግሥቱ ከአያቶቹ አንዱ ስልክ ደወሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም በአካል መጡ። «አንተ ልጅ፣ የልጅ ልጄን ለገዳዮቻችን ጠበቃ አደረግኸው» አሉኝ። በልጆቹ ፊት ነው። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኩ፤ አልተቀመጡም። ምን እንደምመልስ አላወቅሁም ነበር። የልጅ ልጃቸው ነው የመለሰው፤ «አባባ፣ እኔ የእነሱን ነው የተናገርኩት፤ የእርስዎን ደግሞ እሱ ተናገረልዎ። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው» አለና ጓደኛውን አመለከተ። ሽማግሌው ያንን ልጅ ጥቂት አዩት። ሳይናገሩ ወጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በፌስታል የታሰረ ነገር ይዘው ተመልሰው መጡ። በውስጡ በስቴንስል የተባዙ፣ ጠርዛቸው የተበላ በራሪ ጽሑፎችና አንድ የጥናት ክበብ ደብተር አለ። ከጽሑፎቹ ሁለቱ የሌላኛው ወገን ናቸው፤ ይህን ያህል ዘመን ለምን እንዳስቀመጧቸው አልጠየቅሁም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ «ሳይቀደድ» ብለው ሄዱ። ሌላኛው አያት እስካሁን አልመጡም። የልጅ ልጃቸው ግን እንደነገራቸውና «የማን ጽሑፍ ነው ያመጣው?» ብለው ሦስት ጊዜ እንደጠየቁት ነግሮናል።

አሁን በክፍሉ 22 ልጆች አሉ። በመጪው ቅዳሜ ጽሑፎቹን እንደ ውጫሌው ወረቀት ስማቸውን ሸፍነን እንዘረጋቸዋለን። የዚያን ዘመን በራሪ ጽሑፍ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም ደብዳቤ በእጃችሁ ወይም በወላጆቻችሁ እጅ ያለ ጓዶች ቅጂውን ላኩልን፤ ዋናውን አትላኩ። ቀኑ ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ይመልከት፤ ዳኛችን አትቀበልም።